ፈታች እንጂ አልበጠሰችም፦ ስለ አንድ የግጥም መድበል ለተጻፈው ሂስ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ደረሰኝ። አምስት ሰው ነው የላከልኝ። ሁለቱ «ልክ ልካችሁን ነገራችሁ» እያሉ፣ ሁለቱ ጨሰው፣ አንዷ ደግሞ ምንም ሳትል የሳቅ ምልክት ብቻ ጨምራ። ጽሑፉ በቅርቡ በወጣ የግጥም መድበል ላይ የቀረበ ሂስ ነው። መድበሉ የአንዲት ወጣት ገጣሚ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ጴንጤ ቤት ተወልዶ «ጴንጤ» እየተባሉ ማደግ ምን ምን እንደሚል ይነግረናል። የገጣሚዋን ስም አልጠራም፤ ኮመንት ሥር የወረደባት ስድብ ይበቃታል። የሂሱን ጸሐፊም ስም አልጠራም። ጠቤ ከሐሳባቸው ጋር ነው፤ ያውም ጠብ ከተባለ።

ጽሑፉን ላላገኛችሁት የሚለውን ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ፕሮቴስታንትነት በሚሲዮናውያን ሻንጣ የገባ መጤ እምነት ነው፤ ስለዚህ የሚገጠምለት የራሱ ማንነት የለውም ይላሉ። ሁለተኛ፣ ይህ ማኅበረሰብ አማርኛን ተዋሰው እንጂ የራሱ አላደረገውም። ሦስተኛ፣ ጴንጤ ሰምና ወርቅ አያውቅም፤ ሁሉን በግልጽ መመስከር ስለለመደ ግጥሙ ስብከት ይሆንበታል። አራተኛ፣ መድበሉ የትናንት በደል እያነሳ ያለቅሳል፤ ጴንጤው ግን ዛሬ ቤተ መንግሥት ገብቷል። አምስተኛ፣ ስለ ማተብ የተጻፈው ግጥም የኦርቶዶክስ ምእመናንን ይሰድባል።

ጽሑፉ ጥሩ አማርኛ አለው። ጸሐፊው ቅኔ ቤት የዋሉ ሰው እንደሆኑ ያስታውቃሉ። እኔ አልዋልኩም። እኔ ያደግኩት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ዝናቡ ሲመጣ ከዝናቡ በላይ ለመሰማት እየጮህኩ ስዘምር ነው። አያቴ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ኪዳነ ምሕረትን ስትጠራ ኖራ ነው ያለፈችው። ከሁለቱም ሞሰብ በልቻለሁ። ስለዚህ ጽሑፉን ሳነብ የተናደድኩበት ቦታ አለ፣ «እውነታቸውን ነው» ያልኩበትም ቦታ አለ።

ከሻንጣው ልጀምር። ሚሲዮናውያን ከውጭ መምጣታቸውን የሚክድ የለም። ስዊድኖች ምጽዋ አጠገብ፣ ሞንኩሎ ላይ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ግን እዚያ ግቢ ውስጥ እነማን ነበሩ? ኦነሲሞስ ነሲብ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ከኢሉባቦር ተሰርቀው የተሸጡ፣ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጡ። አስቴር ጋኖ ነበሩ፤ እሳቸውም ከባርነት የተረፉ። ሁለቱ ደክመውበት መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ሌላው ሥራቸው ነው። አስቴር በልጅነታቸው የሰሟቸውን ወደ 500 የሚጠጉ የኦሮምኛ ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና እንቆቅልሾች ከትዝታቸው እያወጡ ጽፈዋል። ከአገሩ ተነጥቆ የተሸጠ ሰው የያዘው ሻንጣ አልነበረም። የያዘው ዘፈን ነበር። እንግዲህ የዚህ ማኅበረሰብ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ግጥም ሰብሳቢዎች ከሆኑ፣ «የሚገጠምለት የለውም» የሚለው ቃል ትንሽ ቸኩሏል።

ደግሞስ፣ እምነቱ የሻንጣ ቢሆን ኖሮ ሻንጣው ሲወጣ አብሮ መውጣት ነበረበት። ወላይታን ተመልከቱ። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1937 ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ የተጠመቁት ምእመናን መቶ አይሞሉም ነበር። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ጠበቃቸው። ማን ሰበከው? ገበሬው ነዋ። አብዛኛው ፊደል ያልቆጠረ፣ የሰማውን በቃሉ ይዞ ከመንደር መንደር የሚዞር ሰው።

ከውጭ መምጣት ራሱ ነውር ከሆነ ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ጳጳስ ፍሬምናጦስ ከጢሮስ ነው የመጡት። ተስዓቱ ቅዱሳንም የውጭ ሰዎች ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷን ሰው፣ አቡነ ባስልዮስን፣ ሊቀ ጳጳስ አድርጋ ያገኘችው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ሊቀ ጳጳሱ ከግብፅ ነበር የሚመጣው። ይህን ያነሳሁት ለመተናኮል አይደለም። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶን መጤ የሚል ሰው ቢመጣ እኔም እስቅበታለሁ። የምለው፣ አንድ እምነት ያገር የሚሆነው በመጣበት በር ሳይሆን ከገባ በኋላ በሚሠራው ነው። በእርግጥ 1,600 ዓመትና መቶ ምናምን ዓመት እኩል ሥር አይሰዱም። ይህን እቀበላለሁ። ግን አጭር ሥር ያለውን ዛፍ «ሥር የለውም» አይሉትም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነጥብ ልስጥ። የእኛ ሰዎችም «መጤ» ላለመባል ሲሉ ታሪክ ይጎትታሉ። ደቂቀ እስጢፋኖስን ከሉተር በፊት የነበሩ ፕሮቴስታንቶች ሲያደርጓቸው ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። አልነበሩም። የ15ኛው መቶ ዘመን መነኮሳት ናቸው፤ በገዳማቸው ሕግ ከማንም በላይ የጠበቁ። እነሱን ጴንጤ ማድረግ የሰው ዘመድ ቀብሮ ርስት እንደ መጠየቅ ነው። ገጣሚዋ ይህን አላደረገችም። መድበሏ የሚጀምረው ከአያቷ ጓዳ ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ አይሄድም።

አማርኛ ተዋሱ ወደሚለው ልለፍ። ይሄ ይበልጥ ያስገርማል። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሩን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ ሌላውን ክፍት አካባቢ አለው። ክፍት በተባለው አካባቢም ትምህርቱ በአማርኛ እንዲሆን አዘዘ። የየአካባቢው ቋንቋ የተፈቀደው ተማሪው አማርኛ እስኪለምድ ድረስ ነበር። እንግዲህ መንግሥት «በአማርኛ ተማሩ» ብሎ ያዘዘውን ሰው፣ ልጁ በአማርኛ ሲገጥም «ይሄ ያንተ አይደለም» ማለት ምን ይባላል? አበዳሪው ራሱ በግድ ያስያዘውን ብድር ነው እንግዲህ መልሱ የሚባለው።

ብድር ነው ካልንም ሒሳቡ የሁለት ወገን ነው። የመጀመሪያውን ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎሙት አቡ ሩሚ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ናቸው፤ ካይሮ ተቀምጠው፣ ወደ አሥር ዓመት ፈጅቶባቸው። ያሳተመው ደግሞ የለንደኑ የፕሮቴስታንቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነው፤ ሙሉው እ.ኤ.አ. በ1840 ወጣ። ጴንጤው በቃሉ የሚወጣው የ1954ቱ ትርጉም ላይም የቤተ ክህነት ሊቃውንት ላብ አለበት። ከዚያ በተቃራኒ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያምን አስቡ። የይፋጉ ሰው። ሞንኩሎ ስዊድኖቹ ዘንድ ተምረዋል፣ በርሊን ሄደው አስተምረዋል፣ በእምነታቸው ተከሰው ታስረዋል። የአማርኛን ሰዋስው በመጽሐፍ ካስቀመጡት ቀደምት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው፤ መጽሐፉም የታተመው እዚያው ሞንኩሎ ነው። ጸሐፊው ሂሳቸውን የጻፉበትን ሰዋስው አንድ «መጤ» አስተካክሎ ትቶላቸዋል ማለት ይቻላል። ይቺን ለቀልድ ያህል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሰምና ወርቁ እንምጣ። ከጽሑፉ ሁሉ የሚከብደው ይህ ክስ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። የቸርች ግጥም የሚባለውን እናውቀዋለን። በዓል ሲደርስ መድረክ ላይ የሚነበብ፣ ቤቱ የሚመታው «ጌታ» ከ«ደስታ» ጋር ስለገጠመ ብቻ የሆነ፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው የሚታወቅ። የዚህ መድበል የመጨረሻው ክፍልም ከዚህ አልዳነም። እዚያ ያሉት ግጥሞች ለስብከት መግቢያ ይሆናሉ። እኔ አዘጋጅ ብሆን ግማሹን አወጣቸው ነበር።

ግን ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው «ቅኔ የሌለው ግጥም አይደለም» ሲሉ ገመዱን ረገጡ። የአማርኛ ግጥም ሁሉ ቅኔ ነው እንዴ? ሙሾ አውራጇ ደረቷን እየደቃች ስታለቅስ ሰሙን ፈልጉልኝ አትልም። ፎካሪውም የገደለውን በግልጽ ነው የሚቆጥረው። ግልጽ ተናግሮ አንጀት መብላትም ያገር ወግ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጸሐፊው ሰሙን ያጡት ስለሌለ አይመስለኝም። የጴንጤ ቤት አማርኛን ስላልለመዱት ነው። አንድ ግጥም ልንገራችሁ። አያት ከጠበል ተመልሰው ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። «ዳንኩ» ይላሉ። እናት ከጸሎት ቤት ትመለሳለች። እሷም «ዳንኩ» ትላለች። ሁለቱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባባላሉ፤ ሁለቱም አንዷ ሌላዋን በሆዷ «መቼ ዳነችና» ትላለች። በመሃል አንዲት ሕፃን አለች። ትኩሳት ይዟት ፍራሽ ላይ ተኝታለች። ግጥሙ የሚያልቀው እሷን «ዳንሽ?» ብሎ የጠየቃት ሰው እንዳልነበር ነግሮን ነው።

ጸሐፊው ይህን ግጥም «የቤተሰብ ትዝታ» ብለው በአንድ መስመር አልፈውታል። ኧረ በሕግ! «ዳነ» የምትል ቃል ሦስት ጊዜ ተነሥታ ሦስት ነገር ስትል፣ እንግዲህ ኅብረ ቃል (ሰሙንም ወርቁንም ባንድ የሚይዝ ቃል) ማለት ሌላ ምን ሊሆን ነው? ጴንጤ ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ቃል በቀን አሥር ጊዜ ይሰማዋል። «አጎትሽ ዳነ?» ሲባል ከጉንፋን ይሁን ከኃጢአት አታውቂም፤ ማን እንደጠየቀሽ አይተሽ ነው የምትመልሺው። «ጌታ» ማለትም እንዲሁ ነው። ለሰፈሩ ሰው ጌታ ባለ ጸጋ ነው፤ ለጸሎት ቤቱ ሰው ሌላ ነው። ገጣሚዋ ይህን ከቅኔ ቤት አላመጣችውም። ቤቷ ውስጥ በየቀኑ የምትሰማው ነው።

ሌላው የወደድኩት ግጥም ስለ ምስክርነት ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ምስክርነት የራሱ አካሄድ አለው። አንድ ሰው ይነሣል፤ ችግሩን ይዘረዝራል፤ ከዚያ «ግን ጌታ…» ይላል፤ ጉባኤው ሃሌሉያ ይላል፤ ይቀመጣል። በግጥሙ ውስጥ አንድ አባት ይነሣል። የልጁን ሕመም ይናገራል። ሐኪሞቹ ያሉትን ይናገራል። ሰው ሁሉ «ግን» የምትለዋን ቃል ይጠብቃል። እሱ ግን እዚያው ጋ ይቀመጣል። መድረክ መሪው ቶሎ መዝሙር ያስነሣል። አለቀ። ጸሐፊው ጴንጤ ሁሉን በግልጽ ይመሰክራል ብለዋል። እዚህ ግጥም ላይ ጴንጤው ሳይመሰክር ቀርቷል፤ ግጥሙ የተሠራው ከዚያች ከቀረችው ቃል ነው። እሑድ እሑድ ከጎናችን የሚቀመጠውን፣ ሁሌ ዝም የሚለውን ሰውዬ እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ጽሑፍ ከዚህ በፊት አላነበብኩም። ቄሱም፣ ፓስተሩም፣ ሐያሲውም አላዩትም።

ስለ ልቅሶው አጠር ላድርግ። ጸሐፊው ዛሬ ነገሩ ተለውጧል ሲሉ ልክ ናቸው። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ አሁን ናቸው፤ ሁለቱም ጴንጤ። በ1999ኙ ቆጠራ 18.6 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ነኝ ብሏል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ቆጠራ 10 በመቶ አካባቢ ነበር። ያን ያህል ሆኖ «እኛን እኮ ማንም አይወደንም» እያሉ መኖር አይቻልም። ከእኛ መሃል ሥልጣን አጠገብ ሲደርስ ጆሮው የደነቆረ አለ፤ ይህን የሚጽፍ ግጥም መድበሉ ውስጥ ባለመኖሩ እኔም ቅር ብሎኛል።

ግን በደል የሚያነሱትን ግጥሞች ቆጠርኳቸው። አሥር አይሞሉም። የሚያነሱትም ነገር የፈጠራ አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ታሰረ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘጋች፤ መሪዎቿ ታሰሩ፤ ምእመኑ በየሰው ሳሎን ድምፁን ዝቅ አድርጎ መዘመር ጀመረ። (ሲዘጋ 5,000 ገደማ የነበረው ምእመን ሲከፈት 34,000 ሆኖ ነው የወጣው። መዝጋት ምን ያህል እንደሚያዋጣ ካድሬዎቹን መጠየቅ ነበር።) ይህ ሁሉ የሆነው አሁን በሕይወት ባሉ ሰዎች ዕድሜ ነው። የአባቷን እስር የጻፈችን ልጅ «ያለፈውን ተዪው» ማለት ይከብዳል።

ደግሞ ቤተ መንግሥት የገባ ሰው ለሁሉም ቦታ አይዝም። አጎቴ የሞተ ጊዜ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ሬሳውን ይዘን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ቆመናል። የሚቀበርበት አጥተን። እድርተኛው ድንኳኑን ተክሎ፣ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ መቃብር ላይ ሲደርስ ግን መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ ባህር ዛፍ ሥር አንድ ጥግ ተሰጠን። ያን ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጴንጤ ነበሩ። መድበሉ ውስጥ ስለ መቃብር ያለውን ግጥም ሳነብ ያ ባህር ዛፍ ሸተተኝ።

ጸሐፊው አንድ ነገር ደግሞ ዘለዋል። ገጣሚዋ ዱላዋን ለራሷ ሰዎችም አልሳሳችም። አንዲት እናት የጋብቻ ቀለበቷን «ነቢይ» ነኝ ላለ ሰው ሰጥታ ስትመለስ፣ ባሏ ጣቷን አይቶ ምንም ሳይል ምሳ ሲበላ የሚያሳይ ግጥም አለ። ከመድበሉ በጣም የሚያምመው እሱ ነው። ልቅሶ ብቻ ነው ያለ ሰው ይህን ግጥም አንብቦ መዝለሉ አይገባኝም።

እንግዲህ ማተቡ። ብዙ ሰው የተቆጣው በዚህ ነው፤ ጽሑፉም የተዘዋወረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ጸሐፊው እንዳሉት ግጥሙ ውስጥ እናትየዋ በ19 ዓመቷ «ማተቧን በጠሰች»። «ማተብ የለሽ» ማለት ባገራችን ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ቃል የማይጠብቅ፣ የማይታመን ሰው ነው። ሰው «ማተቤን!» ብሎ ይምላል። ስለዚህ ማተብ በጠስኩ ብሎ መፎከር ስድብ ነው ይላሉ። እንዲያ ቢሆን እኔም እስማማ ነበር።

ግን ግጥሙ «በጠሰች» አይልም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ፈታች» ነው የሚለው። በአንድ ቃል ነው ነገሩ ሁሉ የተለወጠው። መበጠስ የቁጣ ነው፤ በአንድ እጅ ይሆናል። መፍታት ጊዜ ይወስዳል፤ ቋጠሮው የጠበቀ ከሆነ ጥፍር ያሳምማል። ደግሞ አማርኛ ውስጥ «ፈታ» ስንት ነገር ይላል? ገመድ ይፈታል። ትዳር ይፈታል። እስረኛ ይፈታል። ሕልም ይፈታል። ቄሱም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይላሉ። ልጅቷ ማተቧን ስትፈታ ከእነዚህ የትኛውን እያደረገች ነው? ግጥሙ አይመልስም። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህችን ቃል በ«በጠሰ» ለውጦ መጥቀሱ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አያምርም። ሆን ብለው አደረጉት አልልም። በንዴት ሲያነቡ እንዲህ ይሆናል።

የግጥሙ መጨረሻም አልተጠቀሰም። አያትየው ዓመታት ሙሉ ሲገናኙ የልጃቸውን አንገት ያያሉ፤ «ማተብሽ የት ነው ያለው?» ብለው አይጠይቁም። እናት ስትሞት ገጣሚዋ መጽሐፍ ቅዱሷን ትገልጣለች። ጥቁሩ ክር መዝሙረ ዳዊት ላይ ተጋድሟል፤ እናትየዋ የደረሰችበትን ገጽ ይዞ። አያትየው ዳዊት ደጋሚ ናቸው። ክሩን ሲያዩ የሚሉትን ግጥሙ አይነግረንም። ቁጥሩን ብቻ ጠይቀው፣ ከዚያ ጀምረው በቃላቸው ይቀጥላሉ።

ማን ነው እዚህ የተሰደበው? እኔ አያቴን ነው ያየሁት።

የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት። ጸሐፊው የፊደል ግድፈቱ በዝቷል ብለዋል። በዝቷል። «ጸሎት» አንዱ ገጽ ላይ በ«ጸ»፣ ማዶው ላይ በ«ፀ» ተጽፏል። ከምስክርነቱ ግጥም ላይ አንድ ስንኝ ሁለት ጊዜ ታትሟል፤ እኔ መጀመሪያ ሆን ተብሎ መስሎኝ ስደነቅ ነበር። ለአሳታሚው ደወልኩ። በሁለተኛው ኅትመት ይስተካከላል ብለውኛል።